ፋይሉን ማን ይክፈተው?

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላል ያገራችን ሰው። አለኝ የሚሉት ግን የማይጠቀሙበት ሀብት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ከዚህ ተረት አብልጦ የሚነግረን የለም። በአሁኑ ጊዜ ይህችው ላም ከሰማይ ወርዳ በየትምህርት ቤቱ ኮምፕዩተር ውስጥ ገብታለች። ፋይሉ አለ፣ ስሙም ይታያል፣ ግን አልከፈት ይላል፤ ወይም ይከፈትና የማይነበብ የፊደል ክምር ይሆናል። ባለቤቱም ራሱን ይዞ "አለቀልኝ!" ይላል። እኛም በዛሬው የግድግዳ ጋዜጣችን ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው። ይኸውም አንድን ዓይነት ፋይል የትኛው ፕሮግራም እንዲከፍተው የሚወስነው ማን ነው? ውሳኔውስ እንዴት ይለወጣል? የሚለው ነው።

"ይህማ የኮምፕዩተር ቤት ልጆች ሥራ እንጂ የመምህር ጉዳይ ነው እንዴ?" የሚሉ ጓደኞች እንዳሉ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው፤ አዎን፣ የመምህር ጉዳይ ነው። ነገ ተመርቀን ስንመደብ አንዳችን ሽንፋ፣ አንዳችን ኮኪት፣ አንዳችን ቋራ ልንደርስ እንችላለን። እዚያ ኮምፕዩተሩ ሲያስቸግር ተጠርቶ ቶሎ የሚመጣ ባለሙያ የለም። ሰዉ "እሱ የተማረ ነው፣ እሷ የተማረች ናት፣ ይጠየቁ" ብሎ ጣቱን የሚቀስረው ወደኛው ነው።

እንደሚታወቀው ምዕራብ ጎንደር የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። ሰሊጥ በሚታጨድበት ወቅት ከበለሳ፣ ከጋይንት፣ ከደምቢያና ከሌላውም ደጋ ሰው ወደ መተማ ይጎርፋል። ሰው ሲመጣ አንዳንዴ ልጅም አብሮ ይመጣል። ልጁ ጥቂት ወራት እዚህ ይማርና ወላጆቹ ወደ ቀያቸው ሲመለሱ መሸኛ ይጠይቃል። መሸኛው የሚጻፈው ደግሞ ከሮስተሩ ነው። ሮስተሩ ከጠፋ ልጁ የተማረው እንዳልተማረ ሊቆጠር፣ ክፍል ሊደግም፣ ከዚያም ተስፋ ቆርጦ ከብት ጥበቃ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በቆላ ትምህርት ቤት ሮስተር ማለት ተራ ሰንጠረዥ አይደለም፤ የልጅ ዓመት ነው።

ታዲያ ለማስተማር ልምምድ በተመደብንበት በአንድ ትምህርት ቤት ያለችው ኮምፕዩተር አንዲት ብቻ ነበረች። በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጥግ፣ አቧራ እንዳይገባባት በጨርቅ ተሸፍና ትቀመጣለች። መብራት ሲመጣ ትበራለች፣ ሲሄድ ትጠፋለች። የትምህርት ቤቱ ሮስተር በሙሉ እዚያች ላይ ነው። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሙቀቱ ገና ከረፋዱ ሰው በሚያንገላታበት በሚያዝያ ወር፣ ወደ ቢሮ ስንገባ ርዕሰ መምህሩና ጸሐፊዋ ፊታቸው ጠቁሮ አገኘናቸው።

"ምን ሁነው ነው መምህር?" አልናቸው።

"ተውት ልጆቼ፤ ሮስተሩን ቫይረስ በላው" አሉን።

እውነትም የኤክሴል ፋይሎቹ ሁሉ መልካቸውን ቀይረዋል። ትናንት አረንጓዴ የነበረው ምልክት ዛሬ ነጭ ወረቀት ሆኗል። አንዱን ሲከፍቱት የተማሪ ስም የለ፣ ውጤት የለ፤ ገጹ ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደል፣ ባዶ ሳጥንና የጥያቄ ምልክት ተዝረክርኮበታል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም እንደዚያው። ከተማ ላለ አንድ የጥገና ቤት ተደውሎ ኖሮ "ፎርማት ካልተደረገ አይድንም፣ ይዛችሁ ኑ" የሚል መልስ ተሰጥቷል። ፎርማት ማድረግ ማለት እንግዲህ በኮምፕዩተሩ ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ቤቱን ጭስ ሞላው ብሎ ቤቱን ከነዕቃው እንደማቃጠል ያለ ነው። ርዕሰ መምህሩም ወደ ከተማ የሚሄድ መኪና እየጠበቁ ነበር።

ከመካከላችን አንዱ "እስቲ እትዬ፣ አንዴ ይክፈቱልን" ብሎ ጸሐፊዋን ለመናቸው። ከፈቱለት። ጎንበስ ብሎ ትኩር ብሎ አየና "የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደሎች እዩልኝ፤ ፒ እና ኬ ናቸው። እንግዲህ ፋይሉ ደኅና ነው!" አለ። ሁላችንም ሳቅን። ርዕሰ መምህሩ ግን አልሳቁም፤ "እንዴት ነው ደኅና የሚሆነው? ይኸው እያየኸው!" አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኤክሴልና ዎርድ የሚያስቀምጡት አዲሱ ዓይነት ፋይል በመሠረቱ የታሸገ ጥቅል ነው። ብዙ ትንንሽ ጽሑፎች ባንድ ላይ ተጠቅጥቀው ዚፕ በሚባለው አስተሣሠር ይታሠራሉ። የዚፕ ጥቅል ደግሞ ሲጀምር ፒ እና ኬ የሚሉ ሁለት ፊደሎች ይቀድሙታል። እነዚህም በ1989 እ.ኤ.አ. ይህን አስተሣሠር ያወጣው የአሜሪካዊው የፊል ካትዝ ስም መነሻ ፊደሎች ናቸው። ስለሆነም ያ ክምር የተዝረከረከ መስሎ ቢታይም መግቢያው ላይ ማኅተሙ እንዳለ ነበር። ማኅተሙ ካለ ደግሞ ጥቅሉ ቢያንስ ከደጁ አልተነካም ማለት ነው። የተለወጠው ፋይሉ ሳይሆን ፋይሉን እንዲከፍት የተላከው ፕሮግራም ነበር። ኤክሴል ሊከፍተው የሚገባውን ጥቅል ኖትፓድ የሚባለው ቀላል የጽሑፍ ፕሮግራም እየከፈተው፣ ጥቅሉን ሳይፈታ ከነማሠሪያው አንብቡት እያለ ያሳየን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። በፋይሉ ላይ በማውዙ ቀኝ በኩል ተጫንን፤ "ኦፕን ዊዝ" የሚለውን፣ ቀጥሎም "ቹዝ አናዘር አፕ" የሚለውን መረጥን። ከዝርዝሩ ኤክሴልን ነክተን "ኦልወይስ" ማለትም "ሁልጊዜ" በሚለው ላይ ምልክት አድርገን "ኦኬ" አልን። በዚያው ቅጽበት ነጩ ምልክት ሁሉ ባንድ ጊዜ አረንጓዴ ሆነ። ፋይሉ ሲከፈት የልጆቹ ስም ከነአባታቸው፣ ውጤታቸው ከነደረጃቸው ተሰልፎ ወጣ። ጸሐፊዋ እልልታቸውን አቀለጡት።

"ታዲያ ቫይረሱ የት ሄደ?" አሉ ርዕሰ መምህሩ።

"ቫይረስም አልነበረ መምህር፤ ከሳምንት በፊት አዲስ ፕሮግራም ሲጫን 'ይህን ፋይል በምን ልክፈተው?' ብሎ ጠይቆ ይሆናል። አንድ ሰው ሳያስበው ኖትፓድን መርጦ 'ሁልጊዜ' ብሎታል።"

ከሁሉ ይበልጥ የገረመን ግን ጸሐፊዋ የነገሩን ነው። ያ የማይነበብ ገጽ ሲከፈት ነካክተውት እንደሆነ ስንጠይቃቸው "ያልገባኝን ነገር አልነካም፤ አይቼ ዘጋሁት" አሉን። ይህች አንዲት ጠባይ ናት ሮስተሩን ያዳነችው። ገጹ ላይ አንዲት ክፍተት እንኳ ጨምረው "ሴቭ" ቢሉ ኖሮ ኖትፓድ ፋይሉን በራሱ አጻጻፍ ገልብጦ ያስቀምጠው ነበር፤ ያን ጊዜ ጥቅሉ እውነትም ይበላሻል። ስለዚህ ከዚህ ላይ መያዝ ያለብን ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፦ በተሳሳተ ፕሮግራም ከፍቶ ማየት ፋይልን አይገድልም፤ በተሳሳተ ፕሮግራም ከፍቶ ማስቀመጥ ግን ይገድላል።

እንግዲህ ኮምፕዩተሩ ይህን ሁሉ በምን እያወቀ ነው የሚሠራው? የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ከምንገምተው በላይ ቀላል ነው። እኛ አገር ሰው ሲጠራ በስሙና በአባቱ ስም ነው። ፋይልም እንደዚሁ የአባት ስም አለው። ከስሙ በኋላ ነጥብ ይደረግና ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት የላቲን ፊደሎች ይከተላሉ። በሰዋስው ትምህርታችን ድኅረ ቅጥያ እንደምንለው ሁሉ ይህንም ቅጥያ ብለን እንጥራው። ፒዲኤፍ የሚል ቅጥያ ያለው ለማንበብ የተዘጋጀ ጽሑፍ ነው፤ ጄፒጂ የሚለው ፎቶግራፍ ነው፤ ኢኤክስኢ የሚለው ደግሞ ራሱ ፕሮግራም ነው።

ዊንዶውስ የራሱ መዝገብ አለው። ልክ የቀበሌ መዝገብ በሉት። ባንዱ ዓምድ ቅጥያው፣ በሌላው ዓምድ ያን ቅጥያ የሚከፍተው ፕሮግራም ተጽፏል። ፋይሉን ሁለት ጊዜ ስንጫነው ዊንዶውስ የመጨረሻውን ነጥብ ፈልጎ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ያነባል፣ መዝገቡን ይገልጣል፣ የተጻፈውን ፕሮግራም ይጠራል። በቃ። ውስጡን አይመረምርም፤ "እውነት የእገሌ ልጅ ነህ ወይ?" ብሎ አይጠይቅም። እኛ "ኦፕን ዊዝ" ብለን "ሁልጊዜ" ስንል የምናደርገው ነገር ቢኖር ይህን መዝገብ ማረም ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ይህ የመዝገብ ክፍል በተጠቃሚው ምርጫ እንዲታረም እንጂ ፕሮግራሞች እንደልባቸው እንዳይፍቁት ተደርጓል።

ይህ ልማድ ያረጀ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው ዶስ ከቀደምቶቹ በወረሰው ደንብ መሠረት ለስም 8፣ ለቅጥያ 3 ፊደል ብቻ ይፈቅድ ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው ማኪንቶሽ ግን ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። በስሙ ላይ ሳይሆን ከፋይሉ ጋር ተያይዘው በተቀመጡ ሁለት ባለ አራት ፊደል ምልክቶች አንዱ የፋይሉን ዓይነት፣ ሌላው የሠራውን ፕሮግራም ይናገር ነበር። ሰው ስሙን ቢቀይረውም ዓይነቱ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ውሎ አድሮ በዓለም የተስፋፋው የቅጥያው መንገድ ሆነ።

አሁን ወደ መተማ ገበያ እንመለስ። አንድ ጆንያ ላይ ሰሊጥ ተብሎ ቢጻፍ ውስጡ ያለው ማሽላ ከሆነ ሰሊጥ ይሆናል ወይ? አይሆንም። ለዚህም ነው በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በመጋዘኑ በር ላይ ናሙና አውጥቶ፣ አይቶና መዝኖ ደረጃ የሚሰጠው፤ የጆንያውን ጽሑፍ አንብቦ አያስገባም። ቅጥያም ከጆንያ ላይ ጽሑፍ አይለይም። አንዳንድ ሰዎች የዎርድን ፋይል ወደ ፒዲኤፍ ለመለወጥ የስሙን ጫፍ ብቻ ፍቀው ፒዲኤፍ ብለው ይጽፋሉ። የአህያን ጭራ አበጥረው ቢያስሩት ፈረስ አይሆንም። ለመለወጥ ከፈለጉ ፋይሉን በዎርድ ከፍቶ "ሴቭ አዝ" ብሎ ፒዲኤፍን መምረጥ ነው። የፋይል ናሙና የሚወጣው ደግሞ ያ ጓደኛችን እንዳደረገው ከመጀመሪያዎቹ ፊደሎች ነው። የፒዲኤፍ ፋይል ሲጀምር የመቶኛ ምልክትና ፒዲኤፍ የሚሉ ፊደሎች አሉት። በዊንዶውስ የሚሠራ ፕሮግራም ሲጀምር ኤም እና ዜድ ይላል፤ እነዚህም የማይክሮሶፍት ባለሙያ የነበረው የማርክ ዝቢኮውስኪ ስም ፊደሎች ናቸው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ በዚህ በቅጥያ ጉዳይ የተመነጠረ ብዙ ነው። ዊንዶውስ በተለመደው አቀማመጡ የሚያውቃቸውን ቅጥያዎች ከዓይናችን ይደብቃል። ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም. ከፊሊፒንስ ተነሥቶ ዓለምን ያመሰው "አይ ላቭ ዩ" የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በዚሁ መደበቂያ ነው የገባው። በኢሜል የተላከው ፋይል ስም "የፍቅር ደብዳቤ ላንተ" የሚል ሆኖ ከኋላው ሁለት ቅጥያ ነበረው። መጀመሪያ ቲኤክስቲ፣ ቀጥሎ ቪቢኤስ። ዊንዶውስ የመጨረሻውን ደበቀው፤ ሰዉም ተራ ጽሑፍ መስሎት ከፈተው፤ መዝገቡ ግን የሚያየው የመጨረሻውን ነውና ፕሮግራሙን አስነሣው። በጥቂት ቀናት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፕዩተሮች ተለከፉ። እኛስ ጋ? በፍላሽ እየተዘዋወረ የፎልደር መልክ ለብሶ፣ ቅጥያው ግን ኢኤክስኢ የሆነ ስንት ነገር አይተናል! መድኃኒቱ አንድ ነው። ፋይሎች በሚታዩበት መስኮት "ቪው" በሚለው ሥር "ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ" የሚለውን ማብራት ነው። የአባት ስሙ በግልጽ ይታይ፤ ፎልደር ነኝ እያለ ኢኤክስኢ የሚል የአባት ስም ከያዘ አይከፈት።

ስለ ኮምፕዩተር ብቻ አውርተን ስለ ስልክ ዝም ብንል ጽሑፋችን ጎደሎ ይሆናል፤ ምክንያቱም የአብዛኞቻችን ኮምፕዩተር ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ነው። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል ብዙ መምህርና ተማሪ አዲሱን መጽሐፍ ያገኘው በወረቀት ሳይሆን በፒዲኤፍ ነበር። ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተላለፈ እስከ ገጠር ቀበሌ ደርሷል። ታዲያ ልጁ ፋይሉን ሲነካ ስልኩ "በምን ልክፈተው?" ይለዋል፤ ከሥሩም "ሁልጊዜ" እና "አንዴ ብቻ" የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ይመጣሉ። ልጁ ቸኩሎ ማስታወቂያ የሚያግተለትል ወይም ያንን ፋይል ጨርሶ ማንበብ የማይችል ፕሮግራም መርጦ "ሁልጊዜ" ይላል። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ ሁሉ "አይከፈትም"። መፍትሔው ግን ቅርብ ነው። ወደ ስልኩ ሴቲንግ ገብቶ፣ "አፕስ" ከሚለው ውስጥ ያንን ፕሮግራም ፈልጎ፣ "ኦፕን ባይ ዲፎልት" በሚለው ሥር ምርጫውን ማጥፋት ነው። ስልኩ እንደገና ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ረጋ ብሎ መመለስ ነው። ለማያውቁት ፕሮግራም ደግሞ መጀመሪያ "አንዴ ብቻ" ብሎ መሞከር ብልህነት ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ትክክለኛው ፕሮግራም ከፍቶት እንኳ ፊደሉ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰዎች በልዩ ልዩ የአማርኛ ፎንቶች ሲጽፉ የላቲኑን ፊደል ቦታ እየተዋሱ ስለነበር ፎንቱ በሌለበት ኮምፕዩተር ላይ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ ላቲን ይሆናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፕሮግራም መቀያየር ዋጋ የለውም፤ የሚፈለገው ፎንቱ ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ከሆነ ግን ከመተማ ዮሐንስ ድልድዩን ተሻግሮ ገላባት ቢደርስ፣ የገላባቱም አረብኛ ወደዚህ ቢመጣ፣ ሁለቱም ባንድ ገጽ ላይ ይነበባሉ።

ሌላው ሲኤስቪ የሚባለው ፋይል ነው። የተማሪ ዝርዝር ከኢንተርኔት ቅጽ ወይም ከሌላ ፕሮግራም ሲወጣ ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነት ይመጣል። በነጠላ ሰረዝ የተከፋፈለ ተራ ጽሑፍ ነው። መዝገቡ ይህን ለኤክሴል ስለሚሰጥ ሁለት ጊዜ ስንጫነው ኤክሴል ይከፍተዋል። ፕሮግራሙ የተመረጠው በትክክል ነው፤ ነገር ግን ኤክሴል በራሱ ግምት ሦስት ጥፋት ሊያደርስ ይችላል። አንደኛ፣ ጽሑፉ በዩኒኮድ መሆኑን ሳያውቅ የልጆቹን ስም ወደማይነበብ ላቲን ይለውጣል። ሁለተኛ፣ በ09 ወይም በ07 የሚጀምረውን የወላጅ ስልክ ቁጥር ተራ ቁጥር መስሎት ዜሮውን ይቆርጣል። ሦስተኛ፣ የልደት ቀንን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይጎትታል። በአሜሪካ አቆጣጠር በተዘጋጀ ኮምፕዩተር ላይ ጳጉሜን 5 ቀን 2008 ብለን 5/13/2008 ብንጽፍ ሜይ 13 ያደርገዋል፤ ጥቅምት 30ን 30/2/2008 ብንል ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን በፈረንጆቹ የለምና እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ሆኖ ዝርዝሩ ይዛባል። በዚህ ላይ "ሴቭ" ከተባለ የጠፋው ዜሮ አይመለስም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ፋይል በመጫን ፈንታ ባዶ ኤክሴል ከፍቶ "ዳታ" ከሚለው ሥር ከጽሑፍ ፋይል ማስገቢያውን መምረጥ፣ አጻጻፉን "ዩቲኤፍ 8"፣ ዓምዶቹንም "ቴክስት" ማለት ይሻላል።

ከዚህም ሌላ "ሁልጊዜ" የምትለው ቃል ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከኛ በፊት ያውቃሉ። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2013 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍትን 561 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው ተጠቃሚዎች የኢንተርኔት መክፈቻ ፕሮግራማቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ የሚጠይቀውን ገጽ አቀርባለሁ ብሎ ቃል ከገባ በኋላ ከ15 ሚሊዮን በላይ በሆኑ ኮምፕዩተሮች ላይ ሳያቀርበው በመቅረቱ ነው። ሰው ሳይመርጥ የተመረጠለትን አብዛኛውን ጊዜ ተቀብሎ እንደሚኖር ስለሚታወቅ ነው ይህ ሁሉ ክርክር። ለኛም ትምህርት አለው። ኤክሴልና ዎርድ በሌለበት ኮምፕዩተር ላይ በነጻ የሚገኘው ሊብረ ኦፊስ እነዚያን ፋይሎች ይከፍታል። ገንዘብ የለንምና ፋይሉ ተዘግቶ ይኑር የሚያሰኝ ነገር የለም።

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከዓላማዎቹ አንዱ ሰው በማያነበው ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ከመፈረም እንዲወጣ ነበር። በዚህ ዘመን ደግሞ ሳናነብ "ኦኬ" የምንለው ነገር የዚያ አውራ ጣት ታናሽ ወንድም ነው። ቅጹ ይጠይቃል፣ እኛ እንፈርማለን፣ በኋላ "ማን አደረገው?" እንላለን። መምህር የሚሆን ሰው ከዚህ መውጣት አለበት፤ ራሱ ወጥቶም ሌላውን ማውጣት አለበት።

እንግዲህ ለሥራ እንዲመቸን ነገሩን ባጭሩ እናጠቃልለው። አንደኛ፣ ፋይል አልከፈት ሲል ወይም ተዝረክርኮ ሲታይ አለመደንገጥ፤ ሳያስቀምጡ መዝጋት። ሁለተኛ፣ ከምንም በፊት ፋይሉን ወደ ፍላሽ መገልበጥና በግልባጩ ላይ መሞከር። ሦስተኛ፣ ቅጥያው እንዲታይ አድርጎ የአባት ስሙን ማንበብ። አራተኛ፣ "ኦፕን ዊዝ" ብሎ ሌላ ፕሮግራም መሞከር፤ ትክክለኛው ሲገኝ ብቻ "ሁልጊዜ" ማለት። አምስተኛ፣ "ፎርማት ይደረግ" የሚል ምክር ሲመጣ ይህ ሁሉ ተሞክሮ እንደሆነ አጥብቆ መጠየቅ።

ከዚህ ጋር አንድ ሐሳብ ጨምረን እናብቃ። በቋራና በመተማ ቆላ ከጉሙዝ ቤተሰብ የመጣ ልጅ አለ፤ በድንበሩ ከተማ ከአማርኛ ይልቅ አረብኛ ሲሰማ ያደገ ልጅ አለ። ክፍል ገብቶ በአማርኛ ሲጠየቅ ዝም ቢል "ይህ ልጅ አይገባውም" ብሎ ማኅተም መምታት ቀላል ነው። በትንሽ ምልክት፣ በሥዕል፣ በጠጠር ቆጠራ ወይም ቋንቋውን በሚያውቅ ጓደኛው በኩል ቢጠየቅ ግን ውስጡ ያለው ይወጣል። ልጅ ፋይል አይደለም፤ ልጅን ከማንም ዕቃ ጋር ማመሳሰል አንወድም። ነገር ግን የማይነበብ ነገር ሲገጥመን ከመፍረዳችን በፊት የምንከፍትበትን መንገድ መመርመር አለብን የምትለው ልማድ ለሁለቱም ታገለግላለች።

ለጊዜው ግን የምንጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ከዚህ ግድግዳ ፊት ቆማችሁ ይህን ያነበባችሁ ጓደኞች፣ በፍላሻችሁ ወይም በስልካችሁ ላይ "ተበላሽቷል" ብላችሁ የተዋችሁት ፋይል ካለ እንዳትሰርዙት። ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ መብራት ባለ ጊዜ፣ ወደ ኮምፕዩተር ክፍሉ ይዛችሁት ኑ። አንድ ላይ ሆነን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደሎች እናያቸዋለን።